የሸማኔው ልጅ ኮከብ ቆጣሪ ሆነች አሉ

ወሬው የተነሣው ከስልክ ነው። አዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ የትውልድ አገሬ ራቤል ውስጥ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ አባቴ ድምፄን ለመስማት በገበያ ቀን ሥራቸውን ትተው አንዲት ባለሱቅ ዘንድ ይሄዱና ስልኩ እስኪጮህ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ስልኩ አሮጌ ነው፤ ጆሮ ላይ ሲይዙት አይሰማም። ስለዚህ ድምፁ ተለቆ፣ ጨው ሊገዛ የመጣውም ላምባ ሊያስቀዳ የመጣውም እየሰማ ነው አባትና ልጅ የምናወራው።

«ትምህርቱስ እንዴት ነው?» አሉኝ አባቴ።

«ጥሩ ነው አባባ። ዘንድሮ ደስ የሚል ትምህርት ጀምሬያለሁ።»

«የምን?»

«ስለ ኮከብ።»

«አልሰማሁሽም!»

«ኮከብ! ስለ ኮከብ ነው የምማረው!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ።

መስመሩ ተንሿሿና ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለ። እኔ በዚህ በኩል ስቄ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በዚያ በኩል ግን፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ባለሱቋ «እንዴ! ኮከብ ቆጠራ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጣል?» አሉ። ገበያው ሲፈታ ወሬው ከአህዮቹ ጋር አብሮ ወደየመንደሩ ገባ።

በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይህ ተስቆበት ያልፍ ነበር። አባቴ ግን ሸማኔ ናቸው። የበግ ጠጉር ባና ይሠራሉ። የአገሩ ሰው አባቴ የሠሩትን ባና ተከናንቦ ያድራል፣ ልጁ ሲታመምበት ደግሞ ወደ ሸማኔው ቤት በጎሪጥ ያያል። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ ሳይነገርም ይታወቃል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ እናቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ ቀረች። ከበስተኋላው ቁራሽ ተቆርጧል። ሰፈር ውስጥ የታመመ ልጅ ነበር፤ ሊያጥኑት ነው የወሰዱት። አባቴ አየት አደረጉትና «አይጥ ነው» አሉ። እናቴም መርፌና ክር አምጥታ ሰፋችው። አይጥ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ቆሞ ሲጸልይ ጋቢ እንደማይበላ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

እንግዲህ «ቡዳ» ሲባል በኖረ ቤት ላይ «ኮከብ ቆጣሪ» ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በእኛ አገር ኮከብ የሚቆጥር ሰው ማለት ስምህን ከእናትህ ስም ጋር ደምሮ ዕድልህን የሚያወጣ፣ ማንን እንደምታገባ፣ ማን እንደሚገድልህ የሚነግርህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፤ ምእመኑም በአደባባይ ያወግዘውና በጓሮ በር ይሄዳል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ትምህርቴን እየተማርኩ ነበር። መምህራችን ሥነ ፈለክን የጀመረልን በቀመር ሳይሆን በታሪክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የጨረስኩት ፕላዝማ ላይ አፍጥጬ፣ አስተማሪው በቴሌቪዥን ውስጥ ሳይጠብቀኝ እየሮጠ ስለነበር፣ ቆም ብሎ የሚያወራ መምህር ማግኘቴ ራሱ እንደ በዓል ነበር። ባቢሎናውያን ከጡብ ግንብ ላይ ሆነው የጨረቃንና የፀሐይን መጨለም እየጠበቁ በጭቃ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይጽፉ እንደነበር ነገረን። ግሪኮች ያንን ወርሰው ነገሩን ወደ ክብና ወደ መስመር ለወጡት፤ ዐረቦች ደግሞ አቆዩት፣ አረሙት፣ ለብዙዎቹ ከዋክብት ስም ሰጧቸው። አንድ ፖላንዳዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሬት ፀሐይን እንደምትዞር ካሰበ በኋላ፣ ሐሳቡን ለማሳተም ሞቱ እስኪቃረብ ድረስ ሲያመነታ ኖረ።

ደስ እያለኝ ስሰማ ቆይቼ አንድ ቀን መምህሩ «አትታለሉ» አለን። «እነዚህ ሰዎች ሰማዩን የጠበቁት ለእውቀት ብቻ አይደለም። ንጉሡ ይሞት እንደሆነ፣ ጦርነት ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ ለብዙ ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። የፕላኔቶች መንገድ ሞላላ መሆኑን ያገኘው ጀርመናዊ ሊቅ እንኳ ለመሳፍንት ዕድል እየጻፈ ነው እንጀራውን የበላው።»

የዚያኑ ሳምንት እናቴ ደውላልኝ ነበር፤ ወሬውን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «አባትሽ ሱቅ መሄድ ትተዋል» አለችኝ። «የነፍስ አባታችን አንቺን ማናገር ይፈልጋሉ። ለጥር ሥላሴ ነይ።» እኔም በልቤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ሥነ ፈለክ ሌላ፣ ኮከብ ቆጠራ ሌላ፤ አይተዋወቁም» ልል ነበር። ይኸው መምህሩ መተዋወቅ ቀርቶ አንድ ቤት አድገዋል አለኝ።

ከክፍል በኋላ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ስለዚያ ጀርመናዊ ሌላ ነገር ነገረኝ። እናቱ በእርጅናዋ በጎረቤት ወሬ ጠንቋይ ተብላ ከአንድ ዓመት በላይ ታስራ ነበር። ልጇ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰና እሷን ለማስለቀቅ ተከራከረ።

«እንዴት አድርጎ አስፈታት?» አልኩት።

«እናቴ ደግ ናት ብሎ አይደለም። እያንዳንዱን ክስ እያነሣ ከየት እንደተወለደ አሳየ። ይህች ሴት የታመመችው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያ ሰው ያነከሰው በዚያ ምክንያት ነው እያለ። ዳኞቹን ረጋ ብሎ አስረዳቸው።»

ከዚያ በፊት ያ ጀርመናዊ ለእኔ የፕላኔቶችን መንገድ የሚገልጹ ሦስት ሕጎች ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የእናቱን ስም ለማጥራት ፈረስ ጭኖ የሄደ ልጅ ሆነብኝ።

ለጉዞ ስዘጋጅ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ። ጥር ውስጥ የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ መምህሩ «እያንዳንዳችሁ ለየአገራችሁ ሰዓቱን አውጡ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን። ለራቤል ሠራሁት። በሥላሴ ዕለት፣ ጠዋት፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ሆኖ ወጣ። ስህተት መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ኮከብ ቆጣሪ ተብዬ ልከሰስ በምሄድበት አገር፣ በንግሥ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፀሐይ ልትጨልም ነው፤ እኔ ደግሞ አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

ደብረ ብርሃን አደርኩ፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለውን መንገድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ብርዱም ሊሆን ይችላል።

ቤት ስደርስ አባቴ ሽመናቸው ላይ ነበሩ። ሳሙኝና ተመልሰው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገቡ። መወርወሪያውን ይዘው ሳይወረውሩ ቆዩ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «የሰው ዕድል ያስተምሯችኋል?»

«አያስተምሩንም አባባ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

«ለእኔ ይበቃኛል» አሉና መወርወሪያውን ላኩት። «የማይበቃው ለሰው ነው።»

ከሰዓት በኋላ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ እኔ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ባለሱቋ ናቸው፤ ወሬውን ያወጡት። በደጅ አልመጡም፤ በጎመኑ በኩል ነው የመጡት። ጉንጬን አገላብጠው ከሳሙኝ በኋላ ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ መቼም አታሳፍሪኝም። የታናሿ ልጄ ጋብቻ ነገር ተበላሽቶብኛል። የእሷንና የእኔን ስም ልንገርሽና ኮከቧን አውጪልኝ።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አልችልም። እኛ የምንማረው መንገዳቸውን ነው፤ የት እንዳሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ።»

«የእኛንስ መንገድ?»

«የእኛን አያውቁትም።»

ባለሱቋ ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀመጥሽው?» አሉና ቅር ብሏቸው በመጡበት ተመለሱ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ግማሹ ጭንቀቴ ቀለለኝ። የሚፈሩኝ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይፈልጉኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ጋር የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድን። አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሥር ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። መስቀል ተሳለምን። አባቴ እንደተከሳሽ ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ፤ «ተቀመጥ እንጂ» ተብለው ነው የተቀመጡት።

«ተምረሽ መጣሽ» አሉኝ አባ። «ምን አስተማሩሽ? ራስሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ባቢሎን፣ ስለ ግሪኮች፣ ስለ መሬት መዞር። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጣልቃ ሳይገቡ ሰሙኝ። ስጨርስ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ከጥንቆላ ጋር ዝምድና አለው ይላሉ። አለው ወይ?»

አባቴ አቀረቀሩ። የለውም ብል ይበቃ ነበር፤ ማን አይቶ ይከሰኛል? ግን የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ደግሞ ያ መምህር የነገረኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

«ነበረው አባ» አልኳቸው። «ድሮ አንድ ላይ ነበሩ። ሰማዩን የሚለካውም፣ በሰማይ የሚያታልለውም አንድ ሰው ነበር።»

«አሁንስ?»

«ተለያይተዋል። የለኩት ነገር እየተፈተሸ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ዕድል ያሉት ግን ሲፈተሽ ባዶ ሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ጣሉት። እኔ የምማረው የቀረውን ነው።»

አባ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው «ስንዴና እንክርዳድስ በአንድ ማሳ አይደል የሚበቅለው?» አሉ። «መከር ሲደርስ ነው የሚለየው። ልጅህ ከመከሩ በኋላ ነው የደረሰችው፤ ምን አስጨነቀህ?»

የአባቴ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሽቅብ ተሰቅሎ እንደነበር ያወቅኩት ሲወርድ ነው። በዚያው ብንሄድ ጥሩ ነበር። እኔ ግን አላበቃሁም።

«አባ፣ አንድ ነገር አለ። በሥላሴ ዕለት ጠዋት ፀሐይ ከግማሽ በላይ ትሸፈናለች።»

አባቴ «ኧረ ዝም በይ!» አሉ።

አባ ግን አልደነገጡም። በጣታቸው አንጓ ላይ ሲቆጥሩ ቆዩና «ጨረቃ ባለቀችበት ቀን ነው፤ በፀሐይ አጠገብ ናት ማለት ነው» አሉ። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«በሒሳብ ነው ያወጣሁት። የክፍል ጓደኞቼም ለየአገራቸው አውጥተዋል።»

«ክፉ ነገር ያመጣል ይላል ሒሳቡ?»

«አይልም። ስለ ሰው ምንም አይልም። ልጆች አፍጥጠው ካዩ ዐይናቸውን ይጎዳል፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።»

«ላስብበት» አሉኝና መስቀላቸውን አነሡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊቴ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። «ነገሩ ካለቀ በኋላ ምነው ዝም ብትይ?» አሉኝ ሳይዞሩ። «ቢጨልም አጨለመችው ይሉሻል። ባይጨልም ዋሸች ይሉሻል።» የራሴም ፍርሃት ነበረኝ፤ ያቺን ሒሳብ ስሠራ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ቢሆንስ?

መልሱ የመጣው ካላሰብኩት በኩል ነው። በዋዜማው እኩለ ቀን ላይ ባለሱቋ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ በደጅ፣ በትልቁ በር ሮጠው ገቡ።

«ሰማችሁ? ሬዲዮው ተናገረ! ነገ ጠዋት ፀሐይ ትጋረዳለች፣ በባዶ ዐይን እንዳታዩ ብሎ ለፈፈ! በዜና!»

አባቴ ከጉድጓዳቸው ዘለው ወጡ። «በስንት ሰዓት አለ?»

ባለሱቋ ሰዓቱን ተናገሩ። እኔ ካወጣሁት ጋር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚለያየው። አባቴ አዩኝ፣ አየኋቸው። ከዚያ ምን እንደሆኑ አላውቅም፣ ሳቁ። አባቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ የሽመናቸውን ቋሚ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት።

«እንግዲህ» አሉ ሲመለስላቸው፣ «ሬዲዮውንም ቡዳ ይበሉት!»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለሱቋ ደነገጡ፤ ከዚያ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልዋሽም፣ ከሳቁ ሥር ትንሽ ቅር የሚል ነገር ነበረኝ። ያን ሁሉ ሌት ተቀን ደክሜ ያወጣሁትን ነገር ሬዲዮ ከጨውና ከላምባ መካከል ሆኖ አወራው። ቅሬታዬ ግን አልቆየም። ከባቢሎን ጀምሮ ያ እውቀት ያስፈራ የነበረው ጥቂቶች ደብቀው ስለያዙት እንደሆነ ገባኝ። ባለሱቅ ቤት የሚለፈፍ ነገር ማንንም ጠንቋይ አያደርግም።

በበዓሉ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። አባ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው «ፀሐይና ጨረቃ በተሰጣቸው ሥርዓት ይሄዳሉ፤ ዛሬ መንገዳቸው ተገናኝቷል። አትፍሩ፣ ቀና ብላችሁም አትዩ፤ ማየት የፈለገ ከዛፉ ሥር ወደዚያች ልጅ ይሂድ» አሉ። እኔ የእናቴን ወንፊት ይዤ ጽዱ ሥር ቆሜያለሁ። ሰው ከሩቅ ያየኛል፤ የሚጠጋ የለም።

ብርሃኑ ቀስ በቀስ ደከመ። እንደ ምሽት አይደለም፤ ቀለሙ የጠፋ፣ የሳሳ ብርሃን ነው። ብርድ መጣ። በጎቹ ከወዲያ ማዶ ጮኹ። ከሴቶቹ በኩል «እግዚኦ» የሚል ድምፅ ተነሣ። ያን ጊዜ አባቴ ከወንዶቹ መካከል ወጥተው መጡና ወንፊቱን ከእጄ ወሰዱ።

«እንዴት ነው የሚያዘው?»

አሳየኋቸው። ከፍ አድርገው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ። ነጠላዬን መሬት ላይ ዘረጋሁ። በወንፊቱ ቀዳዳ ሁሉ አንዲት ትንሽ ፀሐይ ወረደች፤ እያንዳንዷ እንደ ማጭድ የጎበጠች። ነጠላው በሙሉ ማጭድ ሆነ። ዞር ስንል ከጽዱ ቅጠል መካከል የወረደው ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ግቢው መሬት በሙሉ።

መጀመሪያ ልጆች መጡ፤ ከዚያ እናቶቻቸው፤ ከዚያ ሁሉም። አባቴ መሐላቸው ሆነው «ተራ በተራ፣ አትጋፉ» ይላሉ። «ይኸውላችሁ፣ ይቺ የጎደለችው ላይ ጨረቃ ቆማለች። ትሄዳለች፣ አትቆይም» እያሉ እኔ ማታ የነገርኳቸውን መልሰው ለአገሩ ያስተምራሉ። ክንዳቸው ዝሎ ሲወርድ አንድ ሰው «አምጣ ልያዝልህ» ብሎ ተቀበላቸው። አባም በመቋሚያቸው መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። «ዕፁብ» አሉና ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ብርሃኑ ሲመለስ እልል ተባለ። ታቦቱ ወጣ። እኔ ከሰዉ መካከል ቆሜ አብሬ አጨበጨብኩ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። ለዓመታት የጓጓሁለት ነገር እሱ ነበር፤ በሰው መሐል ቆሞ በጎሪጥ አለመታየት።

ወሬ በአንድ ጠዋት ይሞታል አልልም። ከዚያም በኋላ እንደ ድሮው በጎሪጥ የሚያዩን ነበሩ፤ ዛሬም አይጠፉም። አባቴ ግን በሚቀጥለው ገበያ ሱቁ ሄደው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ትምህርቴን ፈርቼ ሳይሆን ወድጄ ጨረስኩት።

የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ምንም አላሰብኩም። ምሳ በላሁ፤ እናቴ ደጋግማ ጨመረችልኝ፣ ደጋግሜ በላሁ። ከዚያ አባቴ ገና ያልሸጡት አዲስ ባና ላይ ጋደም አልኩና እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ወሬውን ከሰማሁበት ከኅዳር ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ከሰዓት ሙሉ ሰው ሲመጣ ነበር፤ የሚቀጥለው መቼ ነው፣ ጨረቃስ እንዲሁ ትሆናለች ወይ ብለው ሊጠይቁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱላቸው ነበር አለች።

«ተኝታለች» ይሏቸው ነበር። «ደክሟት ነው። ስትነሣ ትነግራችኋለች፤ እስከዚያው ግቡና ጠላ ቅመሱ።»